ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር

ነዳጅ ሻጭ ነኝ እኔ፣ ከወደቡ ማዶ፣
ጭጋግ ሲመጣብኝ ተራራውን ንዶ
መብራቴን አብርቼ የምጠብቅ ሰው።
ደሴታችን ጠባብ፣ ባሕር የከበበው፤
ፋሮ ይሉናል፤ ካርታ ላይ ብትፈልጉት
ዝንብ ያረፈ መስሏችሁ እፍ እንዳትሉት።

ከማደያዬ ደጅ እስከ መብራት ማማው
ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው።
መንገዱ ያልቃል፤ ገደል፣ ነፋስ፣ ወፍ፤
ሌላ ምንም የለም ወዲያ የሚያሳልፍ።

እሑድ ከሰዓት ግን ሰልፉ ደጄን ሞላው፤
«ሙላልኝ» ይለኛል ሁሉም በየተራው።
«ወዴት ነው?» እላለሁ፣ እያወቅሁ መልሱን።
«ወዴትም አይደለም።» እከፍታለሁ ክዳኑን።

ስሌት እወዳለሁ፦
ሃያ ሦስት ሄዶ፣ ሃያ ሦስት ተመልሶ፣
ስንት ሊትር ነድዶ፣ ስንት ክሮነር ፈሶ፣
ያው ከገዛ ደጁ፣ ገዛ ደጁ ደርሶ!

ባርዱርን ተዉት። የመንጃ ፈቃዱ ቀለም ገና ያልደረቀ፣
ወደቡን ዐሥር ጊዜ ዞሮት፣ ዐሥራ አንደኛው ላይ ሣቀ፤
ከጎኑ ያለችው የዓሣ ፋብሪካው ጸሐፊ ናትና።
ሱንቫንም ተዉአት፤ ሕፃኗ አልጋ ላይ አትተኛምና፣
ሞተር ሲያጉረመርም ብቻ ነው ዐይኗ የሚከደነው፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በቢጃማ መጥታ «ቀስ» የምትለኝ ለዚህ ነው።

እኔን የቸገሩኝ ሀኑስና ራንቫ ናቸው።
አርባ ዓመት በትዳር፤ ቤት ውስጥ የግድግዳው ሰዓት ነው የሚያወራላቸው።
መኪና ውስጥ ግን፣ በመስታወት አይቻለሁ፣ አፋቸው አያርፍም።
ፊት ለፊት ሲሆን የሚያንቅ ነገር ጎን ለጎን አይከብድም፤
ሁለቱም መንገዱን ያያሉ፤ ዐይን ከዐይን አይጋጭም፤
ዝም ቢሉም ሞተሩ አለ፤ ዝምታው ቂም አይባልም።

«ገባኝ» አልኩ ያኔ። «ለወሬ ነው፤ ደግሞም ለማየት፣
ፏፏቴውን፣ በጎቹን፣ ጣሪያው ላይ ሣር የበቀለበትን ቤት።»

ከዚያ የሀኑስ ዐይን ታመመ፤
ስኳር ነው አሉ፤ በሁለት ዓመት ጨለመ።
መንጃ ፈቃዱን ለፖሊስ መልሶ ሲመጣ ደጄ ላይ ቆመ፣
የቧንቧዬን እጀታ ዳበሰ፤
ምንም አላለኝም፤ አዘገመ።

አበቃላቸው ብዬ ከዱቤ ደብተሬ ስማቸውን ሰረዝኩ።
ሌሊቱ አጥሮ ሊጠፋ በደረሰበት ሰሞን፣
ያቺ ሰማያዊ መኪና ስትመጣ ደነገጥኩ።
መሪው ላይ ራንቫ! በስልሳ ስምንት ዓመቷ፣
ማርሹን እንደ እምቢተኛ በግ ቀንድ ይዛ የምትጎትት፣
ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው ያለፈች እመቤት።
ሀኑስ ከጎኗ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነበረ።
«ሙላልኝ» አለኝ። «ወዴት ነው?» ልል ስል ምላሴ ታሰረ።
ምን ሊያይ ነው? አልኩ በሆዴ።

የሰማኝ ይመስል ዞረ፣ ዐይኑ ከትከሻዬ በላይ፤
«ኤይዱን» አለኝ፣ «ዐሥራ ሰባት ጠመዝማዛ አለ እዚህ መንገድ ላይ።
ዘጠነኛው ላይ ሆዴ ወደ ግራ ይሄዳል፤
ድልድዩ ከጎማው ሥር ሁለቴ ያስነጥሳል፤
ከዚያ የእርጥብ ሣር ሽታ፣ ከዚያ ጨው፤
ከዚያ ራንቫ ፍሬን መርገጥ ትረሳለች፣
እሳደባለሁ፣ ትስቃለች።
ቤት ስሆን ወንበሩ ጨምድዶ ይዞኝ ይውላል፤
እዚህ ተቀምጬ እሄዳለሁ። ይኸው ነው።»
ብሎ መስኮቱን ዘጋው።

ማታ ሒሳቤን ደመርኩ። ደግሜ ደመርኩ።
ቁልፌን ከሚስማሩ ላይ አነሣሁ።
እዚያ የሚጠብቀኝ የለም፤ ዓሣ አልገዛ፣ ደብዳቤ አላደርስ።
ዘጠነኛው ጠመዝማዛ ላይ ሆዴን አዳመጥኩት
(ወደ ግራ ነው፤ ሀኑስ አልዋሸም)።
ማማው ሥር ሞተሩን ሳጠፋ ወፎቹ ነቅተው ሰደቡኝ፤
ትንሽ ቆየሁና ዞርኩ።

ደጃፌ ስደርስ እጄ መሪውን አልለቅም አለ።
ወደቡን አንዴ ዞርኩት።
ባርዱር ከማዶ ሲመጣ አየኝ፤
መብራቱን ብልጭ አደረገልኝ፣ እንደ ማኅበርተኛ።
እኔም ብልጭ አደረግሁለት።